የጋሽ ጆሮ ፑንቲና

ስምን ወላጅ ያወጣል፤ ቅጽል ስም ግን ሰው በላቡ ነው የሚያገኘው። ጋሽ ጆሮ የእሱን ያገኘው በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ታክሲ ገና የጋራዡን በር ሳያልፍ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን እየታጠበ «ሦስተኛዋ ካንዴላ አልቆላታል» አለ። ሾፌሩ ይሄ ጉረኛ ብሎ ኮፈኑን ከፈተ፤ ሦስተኛዋ ካንዴላ እውነትም ከሰል መስላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው። አለቃው «ጆሮን ጥሩልኝ» ይላል፤ ደንበኛው «ጆሮ የለም እንዴ?» እያለ ይመጣል። ፀጉሩ ሲሸብት «ጋሽ» ተጨመረበትና ጋሽ ጆሮ ሆኖ ቀረ።

ያኔ መኪና የሚታከመው በጆሮ ነበር። ዛሬ ገመድ ሰክተው ስክሪን ላይ የሚወጣውን ያነባሉ፤ ማንበብም ሙያ ነው፣ አይናቅም። ጋሽ ጆሮ ግን ረጅም ካቻቢቴውን ያነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ጋራዡ በሙሉ ጸጥ ይላል። መዶሻ የያዘውም መዶሻውን አየር ላይ ያቆያል።

ቀይዋ መኪና የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሰው ሲገባባት ገንዳ ውስጥ የሚቀመጥ የሚመስል ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት። ባለቤቷ አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ አገር ለቆ ሲሄድ «ሌላ ሰው እጅ ከገባች ይገድሏታል፤ አንተ ጋ ትኑር» ብሎ ቁልፏን መዳፉ ላይ አኖረለት።

ሞተሯን ለማስተካከል ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ኮፈኑ ሥር ሲጎነበስ ሌላው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ እንዳትጠፋ ነዳጅ ይረግጣል። አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ሰው ጠፋ። ግራ ቀኝ ቢያይ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ልጅ ኮት ላይ ቁልፍ እየተከለች ተቀምጣለች። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብሎ ለመናት። አምስት ደቂቃዋ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላት።

ያን ቀን ልጅቷን ለማሳቅ ብሎ የሞተር ቋንቋ አስተማራት። «ሞተር ሲታመም ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ቆይ-ቆይ፣ ቆይ-ቆይ ይላል። ሲድን ደግሞ እንሂድ-እንሂድ፣ እንሂድ-እንሂድ ይላል። ስሚው።» ሰማችው። እሷም ሳቀች፣ እሱም አፉን ከፍቶ ቀረ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሳትጠራ መጣች። እሱ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በስሱ ሲያዞር፣ ሲያዞር፣ መታገስ ያቅታትና ከወንበሯ ላይ «በቃ!» ትላለች። እሱ ይስቅና ለክፋቱ አንዲት ፀጉር ታህል ይጨምራል። ከተጋቡ በኋላም እንዲሁ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ግን የእሷ «በቃ» እና የእሱ ጆሮ አንድ ቦታ ላይ መገናኘት ጀመሩ፤ እሱም የሚጨምረው ፀጉር አጣ።

መኪናዋን «ጣውንቴ» የምትላት እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከጣውንቴ ጋር ነው የሚውለው እያለች ለእህቶቿ ታማዋለች። ስታማው ትዋልና ቅዳሜ ሲደርስ ቀድማው ወንበሯ ላይ ትገኛለች።

ጣውንቲቱ ብዙ የምታስቸግረው በፑንቲናዋ ነው። ፑንቲና ማለት ለካንዴላዎቹ እሳት የምትለቅና የምትቆርጥ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ብረት ናት። ስትከፈትና ስትዘጋ አፏ እየተቃጠለ ስለሚሄድ በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት መጥረግና ክፍተቷን እንደገና መለካት ግድ ነው። ለዚህ የሚሆን ስስ የብረት መለኪያ አለ፤ የጋሽ ጆሮ ግን በሠርጉ ሰሞን ጠፋበት። ቸኩሎ ኪሱ ውስጥ ከተገኘው የሠርግ መጥሪያ ጫፉን ቆርጦ ቢሞክር ልክክ አለለት። ከዚያ ወዲያ መለኪያ ገዝቶ አያውቅም። የተረፉት መጥሪያዎች እየተቆራረጡ በየዓመቱ አለቁ። ሚስቱ እንግዳ ሲመጣ፣ የሠርጋችሁን ወረቀት እስቲ አሳዩን ሲሏት፣ «ሠርጋችንን ፑንቲና በላው» ትላለች።

ከዚያ ጆሮው ከዳው። በአንድ ቀን አይደለም፤ ከቀጭኑ ድምፅ እየጀመረ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ፣ በኋላ የሞተሩ ቲክ-ቲክታ። ፊት ለፊት የሚያወራውን ሰው ይሰማል፣ ያመለጠውን ከከንፈሩ ላይ ይለቅማል፤ ሞተር ግን ከንፈር የለውም። ሁለት ደንበኞች የሠራላቸውን መኪና በሳምንቱ መልሰው አመጡ። አንዱ ካርቡራቶሩን፣ ሌላው ነዳጅ ማደያውን ረገመ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ጋሽ ጆሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላጣውም። ወገቤን አሞኛል ብሎ በኋላ ላይ በሽርክና የያዘውን ጋራዥ ለሸሪኩ ተወና ቤቱ ገባ። ሰው ሁሉ ስለ ወገቡ ይጠይቀዋል፤ እሱም ሰው ሲያይ ወገቡን ይይዛል። ጆሮ የተባለ ሰው ደነቆረ ከሚባል ወገቡ ቢጎብጥ ይሻለዋል።

ቀይዋን ግን አልተዋትም። ከእሷ ጋር መላ ነበረው። አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ጉሮሮዬን ከርክሮኛል አለችና «በቃ» በማለት ፋንታ በሩን በመዳፏ መታች። ጉሮሮዋ ዳነ፣ በሩን መምታቷ ግን በዚያው ልማድ ሆነ። እሱ ግራ እጁን ዲስትሪቢዩተሩ ላይ፣ ቀኝ እጁን የጎማው ሽፋን፣ ፓራፋንጎው ላይ ያደርግና፣ ምቷ በቆርቆሮው አልፎ መዳፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሰው ሲጠይቀው ደግሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ትንሽ ይቀረዋል» ይላል። የማይሰማ ሰው ምንጊዜም «ትንሽ ይቀረዋል» ማለት ይችላል፤ የማይቀረው ነገር የለምና። ምስጢሩን ማንም አያውቅም ብሎ ያምን ነበር። ማንም ሲል ሚስቱንም ጨምሮ ነው።

ባለፈው ዓመት ቀይዋ ትልቁ መስቀለኛ መንገድ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ፑንቲናዋ ተቃጥላ ነው። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ጋሽ ጆሮ ምንም ሳይሰማ ዘና ብሎ ኮፈኑን ከፈተ። ሚስቱ በደህና ጫማዋ ወርዳ ገፋች። ይህን የሰማች ሴት ልጃቸው፣ የፋብሪካ ማሽን መሐንዲስ ናት፣ በሳምንቱ አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዛ መጣች። ካርቶኗ ውስጥ ፑንቲናን የሚተካ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ጥቁር ኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ አዳዲስ ካንዴላዎችና ገመዶች አሉ። ብረት ከብረት ስለማይነካካ አይቃጠልም፣ መጥረግ የለ፣ መለካት የለ ብላ አስረዳችው።

ጋሽ ጆሮ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያለ ተፈጥሮዋ ምን አስገባባታለሁ አለ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ወገቤን አለ። ልጅቷ ናፍቆት ነው የያዘው ብላ አዘነችለት። ናፍቆቱስ ነበረበት፤ ብርጭቆ ወረቀቱንና ጥቁር ጥፍሩን፣ ያ ሁሉ ቅዳሜ በዚያች ጥፍር በምታህል ብረት ዙሪያ ማለፉን ያስባል። የፈራው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ዕቃ ሲገባ እሳቱ የሚመጣበት ጊዜ እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። ልጁ አጠገቡ ትቆማለች፤ እንዴት ነው አባዬ ትለዋለች፤ ያኔ ጉዱ ይወጣል።

ካርቶኗ ወራት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ የመኪናዋን ሸራ ራሷ ገፈፈች። ሁለተኛ መንገድ ላይ አልገፋም አለች። ነገሩ በዚህ ተወሰነ፤ ልጃቸውም ተጠርታ መጣች።

ሥራውን ማንም እንዲነካበት አልፈለገም። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሳ፣ ሁለቱን ብሎኖች ፈታ፣ ፑንቲናዋን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣት። አፏ ጠቁሮ ተበልቷል። እንዲህ ትንሽ ነበረች እንዴ አለ ለራሱ። የሚስቱ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከኮት ቁልፎቹ መሃል አስተኛት፤ ኪሱ ውስጥ የቀረችውንም የመጨረሻ የመጥሪያ ቁራጭ ደረበላት። ከዚያ ከካርቶኗ የማግኔት ቀለበት አውጥቶ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ አጠለቀ፣ ጥቁሩን ዕቃ በፑንቲናዋ ቦታ አሰረ፣ ሁለቱን ሽቦዎች እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና ጋር አገናኘ፣ ካንዴላዎቹንና ገመዶቹን ለወጠ። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ ይሄ ራሱ አናደደው።

ሚስቱ ወንበሯ ላይ ገብታ አስነሳቻት። በአንድ ጊዜ ተነሳች። ልጅቷ በሞተሩ ምት ልክ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ይዛለች፤ ሞተሩ ፊት በሚሽከረከረው ፑሊ ላይ ያለው ምልክት ቦታው ሲደርስ በዚያ ብርሃን ይታያል። ግን ለአባቷ ልታሳየው አልፈለገችም። ጠጋ ብላ፣ «ከመብራቱና ከአንተ ጆሮ ማን እንደሚበልጥ ልየው። እንዴት ነው አባዬ?» አለችው።

አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ትንሽ ይቀረዋል።»

ማዞር ጀመረ። ቀኝ እጁ ፓራፋንጎው ላይ ነው። መዳፉ ሥር ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በቀር ዓለም ባዶ ናት። አንዲት ፀጉር፣ ሌላ አንዲት ፀጉር። ሚስቴ ምናልባት ልጃችን ባለችበት በሩን አትመታም ብሎ አሰበና ላብ አሰመጠው። በሩ ተመታ። ቆመ።

ልጅቷ መብራቱን አበራች፣ ጎንበስ አለች፣ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ምልክቱ መስመሩ ላይ ነበር፤ ወዲህም ወዲያም አላለም። እንዲህ ያለ ጆሮ በሕይወቴ አላየሁም አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በላይ ሲከበርበት የኖረውን ስም ይዞ፣ ወገቡን ይዞ፣ መኖር ይችል ነበር። ግን ሙገሳው የሰው ዕቃ የያዘ ያህል ከበደው።

«የእኔ ጆሮ አይደለም» አላት። «የእኔ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። የምትሰማው እናትሽ ናት። በሩን ስትመታ እጄ ላይ ይሰማኛል። እሷ ግን አታውቅም፤ እንዳትነግሪያት።»

ልጅቷ ወደ መኪናው ዞረች፤ ከወንበሩ ላይ አንድ ነገር ተባለ።

«ምን አለች?» አለ ጋሽ ጆሮ።

«አራት አይደለም፣ ስድስት ነው አለች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለዚህኛው እንኳን ባዳ፣ ደመኛ ነበር። ፓራፋንጎው ላይ ያለውን እጁን አየ። ጉሮሮዬን ከርክሮኛል ያለችበትን ቅዳሜ አስታወሰ። ስድስት ዓመት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲመጣ ፊቱን እንዲያይ አዙራ ስታስቀምጠው፣ ስለ ወገቡ ሲጠይቁት አብራ ወገቡን ስታሽለት ኖራለች።

ሚስቱ ወርዳ በሞተሩ በኩል ዞራ መጣች። አዲሱ ዕቃ ነዳጅ የሚረግጥ ሰው እንኳ አላስፈለገውም፤ ቀይዋ ብቻዋን ትሠራለች። እጁ በግሪስ መጥቆሩን ረስቶ እጇን ያዘ።

«አሁን ምን ትላለች?» አላት በዓይኑ ወደ ሞተሩ እያሳየ። «በፑንቲናዋ ጊዜ እንደምትለው ነው የምትለው?»

ሚስቱ እሱ ድሮ ያደርግ እንደነበረው ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ከዚያ ከንፈሯን እንዲያይ ፊቷን ፊቱ አደረገች።

«እንሂድ ትላለች» አለችው። «እንሂድ-እንሂድ። ያው ናት።»

ኮፈኑን ዘጋው። ልጅቷ መብራቷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሸኘቻቸው፤ መኪናዋ የምትጭነው ሁለት ሰው ነው።