ገብሱን አቋርጣ የምታልፈው መንገድ

እትዬ አስካለማርያምን አንድ ተራ የሥራ ቀን የሚያስከፍላቸው ጉልበታቸውን ነው። የሚያጸዱት ቢሮ ደረጃው አያልቅም፤ በረኪናው የእጃቸውን ቆዳ ይልጠዋል፤ ማታ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሆሎዌይ ሰፈር ወዳለው የፎቅ ፍላታችን የሚወጡት ወገባቸውን ይዘው ነው። ይህን የሚክስላቸው ቅዳሜ ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ነኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን አዝዬ አብሬያቸው ከፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ በባቡር ወደ ገጠር እወጣለሁ።

ባቡሩ አንዲት ትንሽ መንደር ላይ ይጥለናል። ከጣቢያው ጀርባ የምትነሳ የእግር መንገድ አለች፤ የአንዱን ሽማግሌ ገበሬ ገብስ ለሁለት ከፍላ ኮረብታው ላይ ትወጣለች። ዳርና ዳሩ የቁጥቋጦ አጥር ነው፤ ውስጡ ወፍ ሲንጫጫ ይውላል። ከአጥሩ ወዲያ ፊታቸው የጠቆረ በጎች ይግጣሉ። እላይ ስንደርስ ነፋሱ ገብሱን እንደ ውኃ ያስተኛዋል፤ እትዬም ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ገበሬው በትራክተር ሲመጣ እትዬ ቶሎ ብለው የስደተኛ ወረቀታቸውን ዘረጉለት። አገር ቤት ደርግ ከገባ ወዲህ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ኬላ አያልፍማ። ሽማግሌው ወረቀቱን አልተቀበለም። መንገዷ የሁሉም ናት፣ ማንም ፈቃድ አይጠየቅባትም አለ። ተረጎምኩላቸው።

"ማንም?" አሉኝ።

"ማንም፣ እትዬ።"

ወረቀታቸውን አጥፈው ከተቱና ኮረብታውን ፊት ፊት ወጡት።

ዘንድሮ ሽማግሌው ሞተ። እርሻውን የገዛው ሰው መንገዷን በሽቦ አጠራት። ባለፈው ቅዳሜ ስንደርስ እዚያው ቆሞ ጠበቀን።

"መንገድ ጠፍቷችሁ ነው?" አለ።

"ምን ይላል?" አሉኝ እትዬ። ነገርኳቸው።

"ቦታውን የሳተው ሽቦው ነው በይው። በጎቹ ዘንድ ይውሰደው።"

ይህን ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በሽቦው ሥር ሾለኩ። ቀሚሳቸው ተያዘ፤ ቦጨቁት። እኔም ልጄን አቅፌ ተከተልኳቸው። ሰውየው ፖሊስ እጠራለሁ አለ።

"ይጥራ። እኔ ኬላ ላይ የቆመ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ይሄ ጠመንጃ እንኳ የለውም" አሉና በገብሱ መሀል መንገዷን ይዘው ሄዱ።

ሰኞ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ ዘንድ ደውዬ ቼክ ሳደርግ ለካ ሰውየው መንገዷ ለዘለዓለም እንድትዘጋ አፕላይ አድርጓል። ማንም አይሄድባትም ነው የሚለው። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አንድ የካውንስል ሰው መጥቶ ያያል። ሁለት ሴትና አንድ ሕፃን ብቻ ካየ ያመነዋል።

ለእትዬ ይህን ስነግራቸው፣ "አንቺ ትጽፊ የለ? እዚህ ላሉት ለአገራችን ሰዎች ጻፊላቸው" አሉኝ። ቃላቸው ይኸው፦

"እዚህ አገር ማንንም ሳልለምን የምሄድባት መሬት ይቺ ብቻ ናት፤ አልለቃትም። ቅዳሜ በጠዋት ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ በር ላይ ታገኙኛላችሁ። ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ፣ ልጆቻችሁን ያዙና ኑልኝ፤ አብረን እንሂድባት።"