አቀበቱ ላይ የአባቴ ጥያቄዎች

አምበር ከተማ አጠገብ ሳይንስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር በእግር እንወጣ ነበር። ከጓሯችን ወደ ጅረቱ ወርደን፣ በድንጋዮቹ ላይ ተሻግረን፣ በማሳው ዳር አቀበቱን ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ሥር እንቀመጣለን። ሰማዩ ከጠራ የጮቄ ተራራ ከዚያ ይታያል። ምንም ጉዳይ አልነበረንም፤ ለመሄድ ብቻ ነበር የምንሄደው።

እኔ ግን ያለ ሥርዓት መሄድ አይሆንልኝም። ሰዓቴን እያየሁ የወሰደብንን ጊዜ እይዝ ነበር። መጀመሪያ አርባ ደቂቃ ይበቃን የነበረው መንገድ ግንቦት ላይ ከአንድ ሰዓት አለፈ። ምክንያቱን ያወቅሁት መስሎኝ ነበር። አባቴ ጥያቄ አብዝተዋል።

አቀበቱ መሃል ቆም ይሉና በዘንጋቸው መሬቱን ነካ ያደርጋሉ።

«እሺ የኔታ፣ ይህ አፈር ለምን ቀላ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱት አፈር ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። አፈሩ ውስጥ ብረት እንዳለ፣ ብረቱም እንደ አሮጌ ማረሻ እንደሚዝግ፣ በጭራሮ መሬት ላይ እየሣልሁ አስረዳለሁ። ትንሽ ሄደን ስለ ደመና ይጠይቁኛል። አንዳንዴ ያለፈውን ቅዳሜ ጥያቄ ይደግሙታል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን አህያዋን እየነዳች ደረሰችብን።

«ዛሬም ከዚህ አላለፋችሁም? አህያዬ እንኳ ቀደመቻችሁ!»

«ምን ላድርግ እቴ» አሏት አባቴ፣ «ትምህርት ላይ ነኝ።»

መስከረም ላይ እግራቸው አበጠና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ጠየቃቸው።

«አባት፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ያጥረኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካምና ፋሲካ ወዲህ።»

«ታዲያ ሲያጥርዎት ምን ያደርጋሉ?»

አባቴ ወደ እኔ ዘወር ብለው ፈገግ አሉ። «ልጄን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። እሱ አስረድቶ እስኪጨርስ ትንፋሼ ይመለሳል።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በዚያው ዓመት ልብና ሳንባን በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ ልብ ሲደክም ትንፋሽ እንደሚያጥር ለተማሪዎቼ አጽፌ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ «ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ብነግርህ ቅዳሜን ታስቀረው ነበር።»

አስቀረው ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጣቸውና እቤት አስቀምጣቸው ነበር።

አባቴ ለገና አልደረሱም። ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የወጣነው ጥቅምት ላይ ነው፤ የሄድነውም እስከ ጅረቱ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ መሃል ቆሙ። ምስጢራቸውን ስላወቅሁባቸው ነው መሰለኝ፣ ምንም አልጠየቁኝም፤ ዘንጋቸውን ተደግፈው ወደ ታች ውሃውን ያያሉ። ዝም ማለቱን አልቻልኩም።

«አባባ፣ ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎት?»

«ንገረኝ እስቲ።»

ከጮቄ ጀመርኩ። ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ምንጩን፣ አንዱንም ሳልዘል፣ ቀስ ብዬ። ስጨርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። ጋቢያቸው ደረታቸው ላይ ገና ከፍ ዝቅ ይላል።

«ገባዎት?»

«አልገባኝም፣ የኔታ። ድገመው።»

ከጮቄ ጀመርኩ።