ከፎርድስበርግ የወጣው ቀጭን ስኪ

በእኛ ንግድ ዕቃ በክብደቱ ይታመናል። ድስትም ይሁን ብርድ ልብስ፣ ደንበኛው አንስቶ "ይከብዳል" ካለ ግማሹ ሽያጭ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ከጨረታ በጅምላ ካነሳሁት የስፖርት ዕቃ መሃል ሁለት ጥንድ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ሲወጣ፣ ሰፊውንና ከባዱን ጆበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ካለው ሱቄ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ቀጭኑን ከመጥረጊያዎቹ ጋር አቆምኩት።

ጎረቤቴ ምንጣፍ ሻጩ ከደጃፉ ሆኖ፣ "ጆበርግ ላይ በረዶ እስኪጥል እዚሁ ልታረጅ ነው?" አለኝ።

"ያንተ ምንጣፍ ከሚሸጥ በረዶው ቀድሞ ይጥላል" አልኩት።

በሳምንቱ አንዲት ሽበታም ነጭ ሴትዮ መጡ። በእግር ተራራ ወጥተው በስኪ የሚወርዱ ዓይነት ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን በቀዶ ጥገና የተጠገነ ነው። "ሐኪሜ ተራራ ይቅርብሽ ብሎኛል። ዘንድሮ አንዴ ሞክሬ ራሴ እወስናለሁ" አሉኝ።

ከባዱን አወረድኩላቸው። "ማማ፣ ይሄ ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል።"

"ማይ ፍሬንድ፣ ሽቅብ ስወጣ በየእርምጃው ማን ይገፋልኛል? አንተ?"

ከመጥረጊያዎቹ መሃል ቀጭኑን ጥንድ መዘዙና ግራና ቀኙን ሆድ ለሆድ አጋጠሟቸው። ጫፍና ጫፉ ሲነካካ መሃሉ ክፍት ቀረ። ተጣሟል ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ በእጃቸው ጨመቁት፤ ገጠመ። ሲለቁት ተመልሶ ተከፈተ። "ክብደቴን ለጫፎቹ የሚያካፍለው ይሄ ክፍተት ነው፤ ጠጣር በረዶ ላይ አያንሸራትተኝም" አሉ። ከፊትና ከኋላ ሰፍቶ መሃሉ ላይ የጠበበውን ወገቡን በጣታቸው ተከተሉት። "በጎኑ ሳጋድለው ደግሞ ይሄ ወገብ ራሱ ይዞኝ ይዞራል።" ሰፊው ለስላሳ በረዶ ላይ እንደሚንሳፈፍ አልካዱም። "ግን ስወርድ የሚሰጠኝን ስወጣ ይቀበለኛል" አሉና ቀጭኑን ወሰዱ።

ከሌሶቶ ድንበር ወዲህ፣ ተራራ ግርጌ ላለ ሱቅ ብርድ ልብስ የማደርስ እኔ ስለሆንኩ፣ በረዶ በጣለ ማግስት ከጭነቱ ጋር በባኪዬ፣ በፒካፕ መኪናዬ፣ ወሰድኳቸው። ስንደርስ በረዶው እስከ ጉልበት ነው፤ ለስላሳ። ሰፊው የሚፈለግበት በረዶ ይኸው!

"ማማ፣ ቢቀርብዎትስ?"

እሳቸው ግን ከስኪው ስር ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ረጅም ጨርቅ ለጠፉ፤ ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ ግን አይለቅም። ጫማቸው በጣቱ በኩል ብቻ ታሰረ፣ ተረከዛቸው ነጻ ነው። እግራቸውን አያነሱም፣ ወደ ፊት ይገፉታል እንጂ። እኔ ከመኪናው ፈቀቅ ሳልል ስሰምጥ፣ እሳቸው ያን ቀላል ነገር እየገፉ ዳገቱን ወጡት።

አናቱ ላይ ነጥብ አከሉ። ጨርቁን ላጡ፣ ተረከዛቸውን ቆለፉ፣ ተለቀቁ። መጀመሪያ ሰመጡ። ወዲያው ወደ ላይ የታጠፈው የስኪው አፍንጫ በረዶውን ሰንጥቆ ብቅ አለ፤ ሰውነታቸውን ዘንበል ሲያደርጉ ያ ጠባብ ወገብ ይዟቸው ዞረ። በዚህ ቅስት፣ በዚያ ቅስት። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ስንት ዕቃ በእጄ አልፏል፤ ዕቃ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ይህን ቅርጽ ያወጣው ሰው በረዶውን፣ ዳገቱንና የሰውን ክብደት አንድ ላይ አስቧቸዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ብርዱ ጥርሴን እስኪያመኝ።

አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

"ጉልበትዎስ?"

ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። "ዝም ብሏል" አሉ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል፤ ብርድ ልብሱን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው። እሳቸው ዳግም ሊወጡ ጨርቁን መልሰው እየለጠፉ ነበር። ስልኩን አላነሳሁትም።