የአንባቢው ወንበር

በማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍል ሥራው የሁለት ሰው ነበር። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን በእስክሪብቶ ይከተላል። አንባቢው ሽማግሌ ነጠላ ሰረዝን ሳይቀር በስሙ እየጠሩ ስለሚያነቡ ሠራተኛው «ጋሽ አራት ነጥብ» ይላቸው ነበር።

አራሚዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ሥራዋ ዝምታ ነው። ስህተት ስታገኝ ብቻ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶዋ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እሳቸውም ይቆማሉ።

«ደግሞ ምን አገኘሽ፣ አንቺ የፊደል ነቀዝ?»

ዓይናቸው ደክሞ ጡረታ ሲወጡ አለቃው የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ በእሳቸው ፋንታ ኮምፒውተር ተገዛ። አራሚዋ እስከ በሩ ሸኝታቸው «እሁድ እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለች። አንዱን እሁድ ልብስ አጠባ በላው፣ ሌላውን ድካም። ቀስ በቀስ ሐፍረቱ ራሱ መንገድ ዘጋባት።

ከወራት በኋላ አንድ ልብ ወለድ ለእርማት መጣላት። ታሪኩ ስለ አንዲት ከተማ ነው። እዚያ ሥራ ያቆመ ሰው ወንበሩ በዚያው ቀን ይወሰዳል፤ ስሙን ያነሣ ይቀጣል።

አለቃው ገጾቹን አገላብጦ «እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው። እንኳን እዚያ አልተፈጠርን» አለና ሻዩን ይዞ ወጣ።

አራሚዋ ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ወንበር የለም። የጋሼ ወንበር መጋዘን ገብቶ የወረቀት ጥቅል ማስቀመጫ ሆኗል። ስማቸውን ያነሣ ሰው ከሰማችም ቆየች። የከለከለ የለም፣ የሚቀጣም የለም። የልብ ወለዱ ሰዎች እንኳ በራቸውን ዘግተው፣ የተወሰዱባቸውን ሰዎች ስም በሹክሹክታ ይጠሩ ነበር። እነሱስ ፈርተው ነው፤ እኛ ምን ሆነን ነው? አለች በልቧ።

ወደ ጋሼ ቤት ስልክ ደወለች። ልጃቸው አነሣች።

«አባዬን ዛሬ ከሰዓት እኔ ዘንድ ልወስደው ነው፤ የምኖርበት አገር ሩቅ ነው» አለች። «ብቻውን ከግድግዳ ሰዓቱ ጋር ሲያወራ ነው ያገኘሁት።»

አራሚዋ ፈቃድ እንኳ ሳትጠይቅ የልብ ወለዱን ገጾች ታቅፋ ወጣች።

ጋሼ በተደረደሩ ሻንጣዎች መሀል ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ብርሃን እንጂ ሰው አይለይም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ፤ የማተሚያ ቤቷ።»

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ድምፅዎን አላወቅሁትም።»

አንቱ መባሏ ከስድብ በላይ ወጋት። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ክፍሉ ውስጥ ሲሰማ የኖረው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። እስክሪብቶዋን አወጣችና የወንበራቸውን ክንድ ሁለቴ መታች፤ ኳ ኳ።

ሽማግሌው ወደ ኳኳታው ዞሩ።

«አንቺ የፊደል ነቀዝ» አሉ። «እሁድ አልሽኝ እኮ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔማ እሁድ በመጣ ቁጥር ኮቴን ለብሼ እቀመጥ ነበር።» በእጃቸው እጇን ፈለጉ። «ወንበሬ ላይ ማንን አስቀመጣችሁ?»

ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አልወጣላትም። ጋሼ ጥቂት ጠበቁና ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፅዋን ባያውቁት ዝምታዋን ግን ከማንም በላይ ያውቁታል።

«በይ አንብቢልኝ» አሉ። «ዛሬ እኔ ልከተል።»

እስክሪብቶውን ሰጠቻቸው። ስለዚያች ከተማ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እየጠራች፣ አነበበችላቸው። እሳቸው አንዴም አላንኳኩም። ልጃቸው ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ የቀረው እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር ብቻ ነበር።