ከድጓው የተቆረጠው ዝምታ

አለቃችንን አበባውን ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ስሙን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የውብነሽን ነገር ያለ እሱ ማውራት አይቻልም።

ውብነሽ እዚህ አርብ ገበያ ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ የምትሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ስትናደድ እንኳ ድምጿ አይሰማም፤ ለሁለታችንም የምጮኸው እኔ ነኝ። አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጉሮሯቸው ታሞ ሐኪሙ «ድምፅዎ አይቆይም» ሲላቸው ውብነሽ ዜማቸውን በድምፅ ቀዳችው። አንድ ሐረግ ያዜማሉ፣ ዝም ይላሉ፣ በዝምታው ተማሪው ይቀበላል፤ የቃል ትምህርት እንዲህ ነው። ተማሪ አጠገባቸው ባይኖርም መቅጃው ፊት ያንኑ አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ ድምፃቸው ሄደ። ዛሬ ሹክሹክታ እንኳ የላቸውም።

ዜማው የተቀዳው መዳፍ በምታህል ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሯ ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር ነው የምትሠራው፤ ያላት ነገር ሁሉ የተቀመጠው በአንዲት ሠላሳ ሁለት ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ለቢሯችን የቀረው ሥራ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ፣ እነሱ ኢሜጅ የሚሉትን፣ ወስዶ ለየአብነት ትምህርት ቤቱ በአዳዲስ ካርዶች ላይ መጫን ነበር።

ታዲያ አለቃችን አበባው ያስመጣው ካርድ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? ዐሥራ ስድስት ጊጋ! «ሚሞሪ ያው ሚሞሪ ነው» አለ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

«ኢሜጁ ያልተጻፈበትንም ቦታ ይዞ ስለሚገለበጥ ነው ትልቅ የሚሆነው። ስመለስ ወስጄ አሳንሰዋለሁ» አለችኝ ውብነሽ፤ የአክስቷን ለቅሶ ልትደርስ ወገዳ ሄደች።

ስትመለስ ኢሜጁን ከካርዱ ወስዳ ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ ፋይሎቹን አጠጋግታ ሰበሰበች፣ ቀጥላ የተቀመጡበትን ክፍል አሳነሰች፣ በመጨረሻ የኢሜጁን ትርፍ ጭራ ቆረጠች። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁሉም ነገር ይበላሻል። አልተዛባም፤ በትንሹ ካርድ ልክ ገባ። ደስ ብሏት ወደ አባቷ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኳት።

ዜማው ተከፈተ። መሪጌታ እንደ ተማሪ ሊቀበሉ ከንፈራቸውን ሲያላቅቁ፣ የገዛ ድምፃቸው ጥሏቸው ወደሚቀጥለው ሐረግ አለፈ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም አለፋቸው። መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። ውብነሽ ፊቷ አመድ መሰለ።

ቢሮ ስንመለስ አበባው ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ሰውዬው ዘፍኖ ዝም፣ ዘፍኖ ዝም! ካርዱ እንዲበቃ ብዬ ዝም ያለበትን ሁሉ በሶፍትዌር አወጣሁት። እንዴት እንደቀለለ አያችሁ?» ውብነሽ ለቅሶ ሄዳ ሳለች ነው፤ ሌላ ቅጂ ሳያስቀር፣ የቆረጠውን እዚያው በዋናው ላይ ነው ያስቀመጠው። ዘፍኖ ይላል! የድጓ መምህር «ሰውዬው»! ስድቡን አወረድኩበት፤ ሰውነቴ ግን አሁንም ይቀፈዋል።

ውብነሽ አልሰደበችም። ኮምፒውተሯን ይዛ አባቷ ፊት ተቀመጠች። ሐረጉ ሲያበቃ መሪጌታ መቋሚያቸውን ያነሣሉ፣ በከንፈራቸው ብቻ እንደ ተማሪ ይቀበላሉ፣ ሲጨርሱ መልሰው ያሳርፉታል። እሷ የዚያን ያህል ዝምታ ቅጂው ላይ ትጨምራለች። አንዱ ሐረግ ላይ ሲደርሱ ግን ከንፈራቸው ቆሞ መቋሚያው አልወርድ አለ። ቆየ። በጣም ቆየ።

«አባባ፣ እዚህ ላይ አልበዛም?» አለቻቸው።

መሪጌታ አልበዛም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመቋሚያው ጫፍ ወደ እሷ ጠቆሙ። ውብነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅ ሆና እግራቸው ሥር ስትማር፣ ሁልጊዜ የሚጠፋት እዚያ ሐረግ ላይ ነበር። እስክታገኘው ይጠብቋት ነበር።

አበባው ቆርጦ የጣለው ይህንን ነው። ትፍ!