ያልተላጠው ማንኪያ

ባለፈው ሳምንት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ወደሚኖረው ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። ምግብ የጀመረው የልጅ ልጄ ሆዱ ደርቆ እያማጠ ያለቅሳል ብለውኝ፣ ሾላ ገበያ ወርጄ የበሰለ ፓፓያ መረጥኩ። ኢምፔሪያል ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲያችን ብዙ ስለቆመ፣ ፓፓያው እንዳይፈርጥብኝ እንደ ሕፃን ታቅፌው ደረስኩ። ገና ከፌስታሉ ሳላወጣው ልጄ ሳቀ።

«እማ፣ በዚህ ነገር አንቺ እንኳን ተይ! እኔን ምን አድርገሽኝ እንደነበር አያቴ ነግራኛለች።»

ሚስቱም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ለምጄዋለሁ።

እሱን የወለድኩት ገርጂ፣ አንዲት ክፍል ጭቃ ቤት ተከራይተን ሳለን ነው። ክረምት ነበር፤ ግቢው በጭቃ ተውጦ ጨርቅ የሚደርቅበት ፀሐይ ይናፍቀን ነበር። እኔ ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ ከገጠር የመጣሁ፣ እናቴም የሞተችብኝ ልጅ ስለነበርኩ ሊያርሱኝ የመጡት የባሌ እናት ናቸው። አራስ ከመጋረጃ አትወጣም፣ እሳት አትነካም፣ ውሃ አትነካም አሉ። ምግብ ግን አላጎደሉብኝም። ገንፎው ቅቤ ጠጥቶ፣ የአጃ አጥሚቱ ከነትኩሱ ይመጣልኛል። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ጠግቤ አላውቅም። ሰው እያጎረሰም ሊጎዳ እንደሚችል የተማርኩት ያኔ ነው።

ጡቴ አብጦ ቆሰለና የዱቄት ወተት ተገዛ። ባሌ ታደሰ፣ ፋርማሲ ቤት የነገሩትን ይዞ መጣ፤ ማንኪያው አፉ ድረስ ብቻ ይሞላል፣ ትርፉ በቢላ ጀርባ ይላጣል፣ አይከመርም። አማቴ ግን ቀጠን ያለ ወተት ሲያዩ ይናደዳሉ።

«ይሄ እጣቢ ነው! ወንድ ልጅ በእጣቢ ያድጋል?»

ከመጋረጃው ኋላ ተኝቼ ማንኪያው ቆርቆሮው ውስጥ ሲዝቅ እሰማለሁ። ቢላው ማንኪያውን ሲልጥ የሚያሰማው ስስ ድምፅ አለ፤ እሱን ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ አይመጣም።

«እማማ፣ አይከመርም ብለዋል እኮ።»

«አንቺ ስንት ወልደሽ አሳድገሻል? ያንን ደረቅ ጡትሽን ይዘሽ ዝም በይ።»

ልጄ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ማማጥ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ፍየል በጠጥ ደረቅ ደረቁ ይወጣው ነበር፤ ኋላ ያም ቀረ። ሆዱ ተወጠረ፤ ጡጦውንም እየገፋ ያለቅሳል። አማቴ አከራያችንን እትዬ ዘነቡን ጠሯቸው።

«እናቱን ወርሶ ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ ሆዱን እየደባበሱ። «እሷም ያገኘችውን አትለቅ!»

ሁለቱም ተንከተከቱ። ከዚያ አማቴ ከልብስ ሳሙናው ቁራጭ ቀርፈው እንደ ክብሪት እንጨት አቀጠኑት። እትዬ ዘነቡ እግሮቹን ወደ ላይ ያዙ።

«እባካችሁ ተዉት!» አልኩ።

ሳሙናውን በመቀመጫው ሲከቱበት ልጄ ጮኸ፤ ከዚያ ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ ድምፁ ጠፋ፤ እንደገና ጮኸ። አማቴ «አልቅስ፣ አልቅስ፣ ልቅሶ ነው የሚያወጣው» ይላሉ። መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ ጨርቁ ላይ ደም አየሁ።

ልጄን ነጥቄ በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ። ያደረግኩት ጫማ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ኧረ አራስ ናት! ብርድ ይምታሽ እሺ!» እያሉ አማቴ በጭቃው ተከተሉኝ።

ጤና ጣቢያው በእናቶች ተሞልቶ ነበር። ነርሷ ደሙን ስታይ ተራ ሳትጠብቅ አስገባችኝ። ሳሙና እንደገባበት፣ የዱቄት ወተት እንደሚጠጣ ስነግራት ግን በሩ ክፍት ነበር።

«ሳሙና ማነው የከተተው? ወተቱንስ ማነው የሚበጠብጥለት?»

አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

«እሷ ናታ፣ ልጄ! አትከምሪ ብዬ ምላሴ ተላጠ። ሳሙናውንም እኔ ዞር ስል ነው። የዛሬ ልጅ መች ይሰማል!»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ እናት ነሽ? ወተት ነው ወይስ ሊጥ የምታጠጪው? ሳሙና ውስጡን ያቆስለዋል! ልጅሽን ልትገይው ነው?»

ደጅ የተሰለፉት እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ታደሰ ከእናቱ ቃል የእኔን እንደማያስበልጥ አውቅ ነበር። ደግሞ ነርሷ ገና ነግራ አልጨረሰችም፤ ሙግት ከገጠምኩ የምትለው ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። «እሺ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ። እሷም አሳየችኝ፤ መጀመሪያ ውሃው ተለክቶ፣ ከዚያ የተላጠ ማንኪያ፤ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ሆዱን በእጅ መዳፍ ዙሪያውን ማሸት፣ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ማንቀሳቀስ። ከራስ ፈጥሮ ምንም አለመስጠት፤ ደሙ ከደገመ ወይም ካስመለሰው ወዲያው ማምጣት።

ቤት ስንመለስ አማቴ ቢላ አነሱ። ጥፋቱን ነርሷ ፊት በእኔ ላይ ካላከኩ በኋላ መልሰው መከመር ከበዳቸው። ማንኪያው ሲላጥ ሰማሁ። ልጄም ውሎ አድሮ ሆዱ ለሰለሰ፤ ጨርቁን አበላሽቶ ሲፈነድቅ ያለቀስኩትን እኔ አውቃለሁ።

ክርስትናው ላይ ግን አማቴ ለእንግዳው ሁሉ «እኔ ባልኖር ይቺ ልጅ ልጇን ገድላው ነበር» ብለው አወሩ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ታደሰም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ተወራ፤ ልጄም እየሰማው አደገ።

አማቴ ሲታመሙ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እውነቱን ያወጡታል ብዬ እጠብቅ ነበር። የመጨረሻው ሰሞን እጄን ያዝ አድርገው «አንቺ ልጅ» ሲሉኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ» አሉ።

አሁን ለልጄ ብነግረው ማን ይመሰክርልኛል? እትዬ ዘነቡም የሉም። ሟች ላይ አሳበበች ይለኛል እንጂ።

ያን ቀን ሰሚት፣ ምራቴ ወጥ ቤት ገብታ ለሠራተኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት፤ «እማማ ብቻቸውን ለልጁ ምንም እንዳይሰጡት፣ እሺ? ዓይንሽ እንዳይነቀል።»

ሳልቀየማት ቀረሁ ብል እዋሻለሁ። ግን እናት እንዲህ ነው ልጇን የምትጠብቀው። ለእኔ ያኔ በሩ ላይ የሚቆምልኝ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ የሚቆመው በእኔ ላይ ሆነ። ልጁ መሬት ላይ እንደተቀመጠ እንዳቅፈው እጁን ሲዘረጋልኝ፣ መጀመሪያ ቀና ብዬ የእናቱን ፊት አየሁ።