ቀን የተከተተበት ቀርከሃ

ነገሩ ያስወጣኝን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፦ አሥራ አንድ ዘንግ ቀርከሃ፣ አንድ የመጋዝ ምላጭ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ የጎረቤት ድስት ከነሽሮው።

ያን ጊዜ እንጅባራ ላይ ቀርከሃ እነግድ ነበር። ከገበሬ እገዛለሁ፣ ግቢዬ ውስጥ እከምራለሁ፣ አንድ መኪና ሲሞላ ባሕር ዳር ላሉ ወንበርና አልጋ ሠሪዎች እልካለሁ። ትምህርት ቤቴ ገበያ ነው፤ ዲፕሎማዬን የሰጡኝም ያታለሉኝ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዓመት መስከረም ጠባ፣ አደይ ፈነዳ፣ አገሩ ግን አልተከፈተም። መንገድ ተዘጋ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ክፍት ሆኖ የቀረው የጎረቤቴ አፍ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ እኅቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ዳንግላ እንደሄደች እዚያው ተዘጋባት። ዳንግላ እኮ ሩቅ አይደለችም። በደኅናው ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ገብተህ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር የጤፍን ዋጋ ተከራክረህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። መንገድ ሲዘጋ ግን ዳንግላም ባሕር ማዶ ናት።

ስትሄድ የልጃችን የፊት ጥርስ ይነቃነቅ ነበር። ሁለተኛ ክፍል የምትገባ ልጅ ናት። እናቷ አገጯን ይዛ፣ "ከወለቀ አስቀምጪው፤ ጣሪያ ላይ አብረን ነው የምንወረውረው። የየቀኑንም አንድ ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ" አለቻት። ልጄ ቃሏን አታጥፍም። በእኔ ወገን አልወጣችም።

አንድ ጠዋት በጣቷ እየቆጠረች መጣች።

"አባዬ፣ ሰኞ ምን ነበር ያደረግነው?"

"ቤት ዋልን።"

"እሑድስ?"

"ቤት ዋልን።"

ጣቷን መቁጠር ተወች። "ታዲያ ለእማዬ ምን ልነግራት ነው? ቀኖቹ እኮ ሁሉም አንድ ሆኑብኝ!"

ደብተር ሰጠኋት። "ዛሬ ቤት ዋልን" ብላ ጻፈች። በማግሥቱም "ዛሬ ቤት ዋልን።" በሦስተኛው ቀን "ዛሬም" ብላ ደብተሩን መለሰችልኝ። "ይኼ ምንም አያውቅም" አለችኝ።

በዚያው ቀን ከአጥሩ ሥር የቀጠፈቻትን አደይ ይዛ ስትዞር ዝናብ መጣ። አበባዋን ከክምሩ ጫፍ ባለ ቀርከሃ አፍ ውስጥ ሰክታ ሮጠች። ቀርከሃ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከአንጓው በታች ስትቆርጠው ታቹ ድፍን፣ አፉ ክፍት ሆኖ ኩባያ ይወጣዋል። ጠዋት ግቢውን በጩኸት ቀወጠችው።

"አባዬ! አባዬ! ትናንት እዚህ ውስጥ ናት! አልጠፋችም! ቁረጥልኝ፣ ለየቀኑ አንድ አንድ!"

"ይኼ ሸቀጥ ነው። እኔ ኩባያ አልሸጥም።"

"አትሽጥልኝ፤ ስጠኝ።"

ስንት ዘመን ስደራደር እንዲህ ያለ መልስ ገጥሞኝ አያውቅም። መጋዙን አነሣሁ።

የመጋዝ ድምፅ ሲሰማ የጎረቤቴ ሁለት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው መጡ። እናታቸው ባሏ የሞተባት፣ የአዊ ገጠር ተወላጅ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ "አንተ ነጋዴ" ትለኛለች። ለእነሱም ቆረጥሁላቸው። የእኔዋ ልጅ የየቀኑን ዕቃ ትከታለች፤ ዶሮ ጫማዬ ውስጥ የጣለችውን እንቁላል ቅርፊት፣ በረዶ የበሳውን የጎመን ቅጠል። ማክሰኞ ጥርሷ ወለቀ፤ በጨርቅ ቋጥራ ከተተችውና እንዳይወድቅባት አፉን በውታፍ ደፈነችው። ትልቁ ልጅ በከሰል ከውጭ ይሥልበታል። ትንሹ መጻፍም መሣልም አይችልም። አፉን ቀርከሃው አፍ ላይ ገጥሞ አንሾካሾከ፣ ከዚያ በጭቃ ደፈነው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልሁት።

"ዛሬን አወራሁበት። እንዳይወጣ ዘጋሁት።"

"ምን ምን አልኸው?"

"ከነገርሁህማ ይወጣል!"

ከዚያ ወዲያ ቤት መዋል የሚባል ነገር ቀረ። ሦስቱም ከእንቅልፋቸው ሲነሡ "ዛሬ ምን ልትሆን ነው?" እያሉ ነው። አጥሩን፣ ጉድባውን፣ የዶሮውን ቤት ያስሳሉ፤ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ይቀናል። ክምሬ በየቀኑ ሲያጥር እያየሁ "ነገ አልሰጥም" እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ከእነሱ ቀድሜ የምነሣው እኔ ሆንሁ። አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ አንዱን ቁራጭ አንሥቼ ለባለቤቴ የሆነ ነገር አወራሁበትና በጭቃ ደፈንሁት። ምን እንዳልሁ አልናገርም፤ የነጋዴ ስም ይበላሻል።

ችግሩ ቀርከሃው እርጥብ ነው። መስከረም ደግሞ መስከረም ነው፤ ሻጋታ ጀመረው። በእኛ አገር ቀርከሃ በጭስ ነው የሚደርቀው፤ ባለቤቴ ከሄደች ወዲህ እኔና ልጄ የምንበላው እትዬ ዘንድ ስለነበር፣ ቀኖቹን ሁሉ በሲባጎ አስሬ ከእሷ ምድጃ በላይ ሰቀልኋቸው። እርጥብ ቀርከሃ እሳት ውስጥ ከገባ እንደሚፈነዳ የእንጅባራ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ የሰቀልሁት ጭስ ላይ ነው። የረሳሁት ሲባጎ እንደሚቃጠል ነው።

ራት ልንበላ ስንል አንዱ ተበጥሶ እሳቱ ውስጥ ወደቀ። እናውጣው ስንል፦ ጧ!

በዚያ ሰሞን ተኩስ የመሰለ ድምፅ ሲሰማ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል። መሬት ላይ ተደፋን። በየቤቱ በር ተጠረቀመ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ ከአጥራቸው ጀርባ ድምፃቸውን አሰሙ።

"ማን ተመታ?"

ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ፣ "ማክሰኞ ነው!" አለ ጮኾ።

"እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እትዬ የተሰበረ ድስቷንና ምድጃው ላይ የፈሰሰውን ሽሮ አየች። በአዊኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። "አንተ ነጋዴ! አማቴ እንኳ ያልሰበረችውን ድስት!"

ልጄ ግን አልሳቀችም። "ጥርሴ" አለች። ሳቄ እዚያው ቀረ። አራታችን አመዱን በወንፊት ነፋነው፤ እትዬም ኩርፊያዋን ትታ አብራን ነፋች። የቀርከሃ ስብርባሪ፣ የድስት ስብርባሪ። ጥርስ የለም። ልጄ አንድ የጠቆረ ስባሪ አንሥታ በአዲስ ቁራጭ ውስጥ ከተተች። "ይኼ የዛሬ ነው፤ ማክሰኞ ግን የለኝም" አለች። በየጠዋቱ መፈለጓን አልተወችም፤ ስለ ማክሰኞ ግን ማንም እንዲያነሣባት አትፈልግም።

መንገድ ሲከፈት ባለቤቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ልጄ እንድትቀመጥ እንኳ አልፈቀደችላትም። ቀርከሃዎቹ በተራ ተደርድረዋል፤ አበባው፣ ቅርፊቱ፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ወጡ። ትንሹ የጎረቤት ልጅም የራሱን አቀበላት። ጭቃውን ፈልፍላ ጆሮዋን ገጠመች፣ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች።

"ምን ይላል?" አላት ሊፈትናት።

"ርቦኛል ይላል።"

ልጁ ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ "አላልሁህም!" አለ።

የእኔንም አገኘችው። አዳምጣ አየችኝና፣ "ይኼኛው ውሸታም ነው፤ ግን ይናገር" አለች።

ከዚያ በሰልፉ መሐል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "እዚህ ጋ የነበረው የት ሄደ?"

ልጄ መሬት መሬት አየች። ቀድሜ ልናገርላት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ቀና ብላ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፈተችና በጣቷ ክፍተቱን አሳየቻት።

"ማክሰኞ እዚህ ነው" አለች።

እናቷ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ነጭ ጫፍ ብቅ ብሏል። ልጄም ማክሰኞን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት።

ሒሳቡ ይኸው፦ ወጪ አሥራ አንድ ዘንግ። ገቢ የለም። ድስቱ ተተክቷል። ጥርሱ አልተገኘም።